ናናይ አልወርድም አለች

ፑንታ ባኮድ፣ ካቪቴ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1966

ለታላቅ ወንድሜ ለኩያ ፓንዮንግ፣

ሰላምታዬ መርከብህ ካለችበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። እናታችን ናናይ ደህና ናት፣ ባሌ ቴዮ ደህና ነው፣ ልጆቹም አንዱ ሲያስል ሌላው እየተቀበለው ደህና ናቸው። ከገና ጀምሮ እጽፋለሁ እያልኩ እስከ ዛሬ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው።

በላክሁልህ ፎቶ ላይ የጎረቤቶቹ ቤት የት ሄደ ብለህ ጠይቀኸኛል። ዓይንህ አሁንም ደህና ነው ማለት ነው። እኔማ እንዳታይ ብዬ ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ቆመህ አንሳ ብዬው ነበር። የጎረቤቶቹ ቤት ተነሥቷል። ባሕሩ በየክረምቱ ዳርቻውን ሲበላ ሲበላ መጥቶ፣ አሁን ከናናይ ደረጃ እስከ ውኃው ያለው መሬት አንድ ጀልባ ጎትቶ ለማሳረፍ እንኳ አይበቃም። ሰዉ ባለፈው በጋ ደቦ ጠርቶ፣ በእንጨት እግር ከቆመው የሣር ቤቱ ሥር ቀርከሃ አስሮ፣ ቤቱን በትከሻው ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰደ። ያኔ አንተ ብትኖር የፊተኛውን ቀርከሃ ትይዝ ነበር፤ ቁመትህ ለዚያ ነበር የሚፈለገው። የእኔና የቴዮም ቤት ሄዷል። ባሕሩ ዳር የቀረችው ናናይ ብቻዋን ናት። ቀን ቀን ምግብ አደርስላታለሁ፣ ነፋስ ሲበረታ አብሬያት አድራለሁ።

ለምን እንደማትነሣ ልንገርህ። እትብትህ የተቀበረው ከደረጃው ሥር ነው። “ፓንዮንግ በባሕር ኃይሉ ሃያ ዓመቱን ጨርሶ ሲመጣ የሚመጣው ወደዚህ ደረጃ ነው። ቤቱን ካነሣሁት ልጁን በምን አስሬ ነው የምጠብቀው?” ነው የምትለው። የእኔስ እትብት እዚያው አይደለም ወይ ብላት፣ “አንቺ የት ትሄጂብኛለሽ” አለችኝ። እውነቷን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ፓድሬው መጥተው ይህ ከንቱ እምነት ነው፣ ልጅሽን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው አሏት። አዎ አባቴ ብላ እጃቸውን ስማ፣ የደረቀ ዓሣ አስይዛ ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም አልተመለሱም።

ሌላው ጣጣ የአንተ ቆርቆሮ ነው። በመንደሩ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የእሷ ብቻ ነው። እንደዚያ እንደ ተጫነ ደግሞ የሚያነሣው ትከሻ አይገኝም፣ መጀመሪያ መውረድ አለበት። ቴዮ መሰላል ይዞ ቢሄድ “ልጄ ያለበሰኝን ማንም አይገፈኝም” ብላ መለሰችው።

ኩያ፣ የአንተን ቃል እንጂ የማንንም አትሰማም። ወይ ራስህ ና፣ ወይ ተነሺ ብለህ ጻፍላት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን። እፈራለሁ።

እህትህ ሳሉድ



ሳንዲያጎ
ኤፕሪል 3 ቀን 1966

ለእህቴ ለሳሉድ፣

ደብዳቤሽ ከወደብ ወደብ ሲከተለኝ ቆይቶ ገና አሁን ደረሰኝ፤ ዘገየህ ብለሽ አትቆጪኝ።

በመጀመሪያ በፊተኛው ደብዳቤሽ ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። የቴዮ የአጎት ልጅ የነገረሽ እውነት ነው። የእኛ አገር ሰው በዚህ ባሕር ኃይል መድፍ አይነካም። ለመኮንኖች ገበታ አቀርባለሁ፣ አልጋቸውን አነጥፋለሁ፣ ጫማቸውን እወለውላለሁ፣ ምክትል አዛዡ እንቁላሉን ሳይገለበጥ እንደሚወድ አውቃለሁ። ነጩ የደንብ ልብስ የራሴ ነው፤ ግን የምለብሰው ለወደብና ለፎቶ ነው። ፓንዮንግ መድፈኛ ነው ብላ በመንደሩ ያስወራችው ናናይ ናት። እኔ አላልኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። አላፈርኩበትም፣ ሥራ ነው። እሷ ግን እንደምትለው ይሁንላት።

ከዚህ በታች ያለውን ለናናይ አታንብቢላት።

ባለፈው ኖቬምበር ዳኛ ፊት እጄን አንሥቼ ማልሁ፤ የዚህን አገር ዜግነት ሰጡኝ። ከዚያም ከሚስቴ ከኔኒታ ጋር ሳንዲያጎ አጠገብ ናሽናል ሲቲ ላይ ቤት ገዛን። ትንሽ ናት፣ ቀለሟም አያምርም፣ ግን የራሳችን ናት። የሰፈሩ እኩሌታ የእኛው ባሕረኛ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የካቪቴው ከኢሎኮሱ ጋር ስለሚያዋጉት አውራ ዶሮ ሲጨቃጨቅ ብትሰሚ አገር ቤት ያለሽ ይመስልሻል። ኔኒታ ከሆስፒታሏ የማታ ተረኛነት ወጥታለች፤ ነፍሰ ጡር ናት። ይህን የመጨረሻውን ንገሪያት፣ ደስ ይበላት።

ሃያ ዓመቴን ስጨርስ እመጣለሁ ያልኩት ያን ጊዜ ውሸት አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ለጥየቃ እመጣለሁ እንጂ ለመኖር የምመለስ አይመስለኝም። ልጁ እዚህ ይወለዳል፣ እዚህ ይማራል። ይህን ለእናቴ ለመጻፍ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ስለ አየሩ ጽፌላት ተነሣሁ።

ተነሺ ብዬ ከጻፍኩ ምክንያቱን ትጠይቀኛለች፣ አልመለስም ማለት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ እንዲህ በያት፤ ለገና ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፣ ቤቱንም ራሴ የፊተኛውን ቀርከሃ ይዤ አነሣዋለሁ። ፈቃዱን ደግሞ ከልቤ እጠይቃለሁ።

ወንድምሽ ኤፒፋኒዮ፣ ያንቺው ፓንዮንግ



ፑንታ ባኮድ
ጁላይ 11 ቀን 1966

ለኩያ ፓንዮንግ፣

እንደምን አለህ? ኔኒታስ ሆዷ እንዴት ነው? ናናይ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ፣ ሌሊት ጸጉሯን ሳታስይዝ ደጅ አትውጣ ብላለች። ነርስ ናት፣ ታውቃለች ብላት ነርስም ትወልዳለች አለችኝ።

ደብዳቤህን እንዳልከኝ እየዘለልኩ አነበብኩላት። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለባበጠችው። ናናይ ፊደል ባትለይም ሞኝ አይደለችም። “ወረቀቱ ይህን ያህል ሞልቶ ንባቡ ምነው አጠረ?” አለችኝ። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው አልኳት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሥራ ባትሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ቁጣዬን ስማ። ለገና ይመጣል ካልኳት ወዲህ ጭራሽ አልነቃነቅ ብላለች። ድሮ ነፋስ ሲነሣ እንኳ እኔ ቤት ለማደር እሺ ትል ነበር። አሁን ግን የመጣህ ዕለት በሩ ተዘግቶ እንዳታገኘው ትላለች። ገና ዲሴምበር ነው ብላት፣ መርከብ እንደ አውቶቡስ በሰዓቱ አይመጣም፣ ቀድሞም ይደርስ ይሆናል አለች። ባለፈው ሳምንት አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ፣ ከኋላ በኩል ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ርብራብ ባሕሩ ከነማሰሮዎቹ ወሰደው። እሷ ያን ጊዜ በወዲያኛው ክፍል መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቴዮ ወገቡን በገመድ ታስሮ ገብቶ አዝሏት ሲወጣ ጀርባውን ስትደበድበው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች።

አንተ እዚያ ሆነህ አንድ መስመር ጻፍክ፣ እኛ እዚህ እናታችንን በገመድ እናወጣለን። ለመናገሬ ይቅርታ፤ የተናገርኩትን ግን አልመልሰውም። ገና ካልሆነልህ አሁኑኑ ንገራት።

የላከችልህን ጥያቄ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። በእሷ ቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩበት። መልሱን ቶሎ ትፈልጋለች።

ሳሉድ



ናሽናል ሲቲ
ሴፕቴምበር 4 ቀን 1966

ሳሉድ፣ ይህን ሙሉውን አንብቢላት። የሚዘለል የለውም።

ለውድ እናቴ፣

እጅሽን ስሜ በግንባሬ አስነክቻለሁ። ባለፈው ወር አጋማሽ ወንድ ልጅ ተወልዶልሻል። ኔኒታ ጤነኛ ናት። ልጁን በአንቺ ስም ኢስታኒስላኦ አልነው። የመርከቡ ሰዎች ስሙ ለምላሳቸው ከብዷቸው ከወዲሁ ቆርጠው አሳጥረውታል። አንቺ ግን ሙሉውን ጥሪው። መልኩ ወደ አባቴ ነው፣ ጆሮው ሳይቀር። ጩኸቱ ወደ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያነብልሽን ሰው ጠይቂ።

የጠየቅሽኝን የእትብቱን ነገር አልረሳሁም። ሆስፒታሉ የወሰደውን ወሰደ፣ ለምኜም አልሰጡኝም። እምብርቱ ላይ የቀረችው ግን ደርቃ የወደቀችው እቤት ነው፤ ኔኒታ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችልኝ። ቅዳሜ ከመርከብ እንደ ወረድኩ የደንብ ልብሴን ሳልቀይር አካፋ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ድመታችሁ ሞተች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፣ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ። በጓሮ በር በኩል ካለው ደረጃ ሥር ቀበርኩት። ሁለት እርከን ብቻ ነው፣ አትሳቂብኝ፤ ደረጃ ግን ደረጃ ነው። አንቺ ለእኔ እንዳደረግሽው ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ውሻ እንዳያወጣውም ድንጋይ ጫንኩበት። ልጁ የትም ቢሄድ ከቤቱ አይርቅም።

ስለ ገና ይቅርታ አድርጊልኝ። መርከባችን በሚቀጥለው ወር ወደ ምዕራብ ትሄዳለች፤ የሁሉም ፈቃድ ተሰርዟል። የሚመጣው ዓመት ነው እንግዲህ። እስከዚያ እባክሽ ነፋስ ሲኖር ሳሉድ ቤት እደሪ።

ልጅሽ ፓንዮንግ



ፑንታ ባኮድ
ሴፕቴምበር 25 ቀን 1966

ኩያ፣

እንኳን ደስ አለህ። ለልጁ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለውን ካነበብክ በኋላ ደስታዬ የውሸት እንዳይመስልህ ነው።

እኔና አንተ ሁለታችንም ሞኞች ነን። የሚዘለል የለውም ብለህ ላክህ፣ እኔም አይቼ የሚዘለል አጣሁበት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩላት። ስለ ጆሮው ሳነብ ሳቀች። ስለ ድመቷ ሳነብ መቁጠሪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። ስለ ደረጃው ስደርስ ግን ያቺን መስመር ድገሚልኝ አለች። ደስ ብሏት መስሎኝ ደገምኩላት።

“ቤቱ የኪራይ ነው የራሱ?” አለችኝ።

እኔ እንጃ ናናይ አልኳት።

“ሰው በኪራይ ቤት ደረጃ ሥር የልጁን እትብት አይቀብርም” አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ገና የጻፍከውን አነበብኩ፤ የሰማችው አይመስለኝም። አላለቀሰችም። ወርዳ ከመጨረሻው እርከን ላይ ተቀምጣ ለእራት የመጣውን ዓሣ ቅርፊቱን ፋቀች፣ አንድም ሳይቀራት በደንብ ፋቀችው። የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ልዋሽ አልቻልኩም። ስለ መሐላውም ስለ ቤቱም ነገርኳት። ይህን ይቅር ካላልከኝ አላዝንብህም።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ሳልሄድ እሷ እኔ ቤት መጣች። “ቴዮን ጥሪው፣ መሰላሉን ይዞ ይምጣ፣ ቆርቆሮውን ያውርድ” አለች። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ስለምናት የከረምኩት ነገር ነው። በጀ ስትለኝ ግን አለቀስኩ። አሁን ከእኛ ጋር ናት። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ እስኪደርቅ ድረስ ቤቱ ባዶውን ቆሟል። እስከ ኖቬምበር ባሕሩ ከታገሠን እናነሣዋለን።

ቆርቆሮው ከወረደበት ቀን ጀምሮ ስምህን ጠርታ አታውቅም። ልጁን ትጠይቃለች፣ ኔኒታን ትጠይቃለች። አንተን ግን አትጠይቅም። እባክህ በእኔ በኩል ሳይሆን ለራሷ ጻፍላት። የምትፈልገውን ታውቀዋለህ።

ሳሉድ



ከመርከብ ላይ
ኦክቶበር 30 ቀን 1966

ለእናቴ፣

ሳሉድ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው፣ እሷን አትቆጪ። ቤቱ የራሴ ነው። የዚያ አገር ሰው ሆኜ ምያለሁ። ለመኖር አልመለስም።

ይህችን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ብታዪ ትገርሚ ነበር። እንዳታዝኚ ብዬ ደበቅኩ ስል ነበር ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ስታዝኚ ላለመስማት ነው። ያ ሰበብ ግን ባሕሩ ዳር ብቻሽን አስቀመጠሽ። ቴዮ በገመድ እንዳወጣሽ ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነበር፤ የአዛዡን ሾርባ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ደፋሁት። ታመሃል ወይ አሉኝ። አልታመምኩም አልኩ።

ሃያ ዓመት አስቤ ስወጣ ከሳንግሌይ የባሕር ኃይል ሰፈር በር ላይ ያልሽኝን አስታውሳለሁ፤ እንዳትከሳ ነበር ያልሽኝ። አልከሳሁም ናናይ። ደህና ነው የምኖረው። ሚስቴ ጥሩ ሰው ናት። ልጄ ይስቃል። ይህ ሁሉ ሆኖም ናፍቀሽኛል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርልኝም።

ከደረጃው ሥር ያለውን እንዳሻሽ አድርጊ። ቴዮ ከነአፈሩ ያውጣልሽ ካልሽ ያውጣው። አንቺ ብቻ ወደዚያ አትመለሺ።

ፓንዮንግ



ፑንታ ባኮድ
ዲሴምበር 4 ቀን 1966

ለኩያ ፓንዮንግ፣

ሰላም ለአንተ፣ ለኔኒታ፣ ለኢስታኒስላኦም፤ ሙሉ ስሙን እየጻፍኩ ነው፣ ታዝዣለሁ። ናናይ ደህና ናት። ቤቱ ተነሥቷል። እንዴት ሆነ ብለህ መጠየቅህ አይቀርምና ቀድሜ ልጻፍልህ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ሁሉ መጣ፣ ባለፈው ዓመት ቤታቸውን ያነሣንላቸው አንድም አልቀሩም። ቀርከሃው ታሰረ፣ ወንዶቹ ጎንበስ አሉ። ናናይ ሌሊቱን እኔ ጋ አድራ ማልዳ ጠፍታብን ነበር፤ ለካ ሄዳ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ውረጂ ቢሏት አልወርድም አለች። የመንደሩ ሹም፣ ካፒቴኑ፣ ራሳቸው ቆመው ለመኗት፣ አልወርድም። ይኸው መጣብን፣ እንደገና ሐሳቧን ለወጠች አልኩ። እሷ ግን በመስኮት ብቅ ብላ፣ “ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስገባ በእግሬ ነው የገባሁት። ስወጣ ተሸክማችሁ ታወጡኛላችሁ” አለች።

ቴዮ ደግሞ አያርፍም። “ናናይ ኢስታንግ፣ ከቆርቆሮው ገላገልሽን ስንል አንቺን ጫንሽብን?” አላት። “እኔ ከቆርቆሮው እቀላለሁ፤ ዝም ብለህ ተሸከም” አለችው። ሰው ሁሉ እየሳቀ አነሣ። ቀርከሃው ሲንቋቋ፣ ካፒቴኑ ከበሮ ሲመቱላቸው፣ እሷ በመስኮቱ ተደግፋ እንደ ቅድስት ምስል በመንደሩ መካከል አለፈች። የፊተኛውን ቀርከሃ የያዘው ቴዮ ነው። ቁመቱ አይበቃም፣ ስለዚህ ቤቱ መንገዱን ሁሉ ወደ እሱ አዘንብሎ ነው የሄደው። ሲወርድ ለሰዉ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና አረቄ ቀረበ። ማታ ቴዮን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣልኝ።

ስለ እትብቱ ለጻፍከው። ቤቱ ከመነሣቱ በፊት ቴዮ አካፋ ይዞ፣ ልቆፍረው ወይ ብሎ ጠየቃት። ደረጃውን ትክ ብላ ካየች በኋላ ተወው አለችው። ባሕሩ ይውሰደው፣ ባለቤቱንም መች ተወልኝ አለች። እኔ ይህን እንዳልጽፍልህ አስቤ ነበር። ከእንግዲህ ግን ምንም አልዘልም ብዬ ምያለሁ።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። በየቀኑ፣ ራሷ በቃኝ እስክትል ድረስ። ትናንት ወረቀት አምጪ አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ ከተናገረችው አንድ ቃል አላጎደልኩም።

ለፓንዮንግ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልካም አድርገህ ጽፈሃል፣ ቢዘገይም። እንዳልከሳህ በላክኸው ፎቶ አይቻለሁ፤ ኔኒታን አመስግንልኝ። የልጁን ድንጋይ አታንሣ፣ እዚያው ይሁን፤ እኔም ለአንተ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። አዝኛለሁ። አዝኛለሁ ብዬ ግን አልረግምህም፣ እጄን በራስህ ላይ እንደ ጫንኩ ቁጠረው። ቤቱ አሁን ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሳሉድ ቤት ቀጥሎ ነው። በባሕሩ ዳር አትምጣ፣ ምንም አታገኝም። ልጄ ሆነህ ስጠብቅህ መቼ ትመጣለህ ብዬ ቀን ጠይቄህ አላውቅም፤ ልጅ የሚመጣው ወደ ቤቱ ነው፣ በፈለገው ቀን ይግባ። አሁን ግን እንግዳ ነህ። እንግዳ ቀኑን አስቀድሞ ይናገራል። ቀኑን ጻፍልኝ።